የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት መኮንን የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ለጎጃም የታሪክ ተማሪዎች

ጎጃም ውስጥ የትም ቁጭ በሉ፣ ደብረ ማርቆስም ሁን ቢቸና ሞጣም ሁን ፍኖተ ሰላም፣ የመቅደላ ነገር ከተነሳ «ሎርድ ናፒየር» የሚለው ስም መምጣቱ አይቀርም፣ ሰዉም ሰውየውን ከነሎርድነቱ ተወልዶ ከነሎርድነቱ የመጣ የእንግሊዝ ባላባት አድርጎ ነው የሚያስበው። አደለም። ሮበርት ናፒየር የእንግሊዝን ጦር መርቶ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርድ ሰር ሮበርት እንጂ ሎርድ አልነበረም። «የመቅደላው ባሮን ናፒየር» የተባለው በ1868 ጁላይ ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ፣ ያውም ከነዓመታዊ ጡረታው ነው። መጥቶ ነው ሎርድ የሆነው ማለት ነው። ይሄን ልዩነት ያልያዘ ተማሪ ስለዛ ዘመን የእንግሊዝ ጦር የሚጽፈው ሁሉ ይጣመምበታል፣ ምክንያቱም እዛ አገር ያኔ ሁለት አይነት መኮንን ነበር፣ የጦር ማዕረጉን በገንዘቡና በዘሩ ያገኘ እና ተራውን ጠብቆ ያገኘ፣ እና የሁለቱ የሕይወት ታሪክ የሚጻፍበት መንገድ አንድ አደለም።

ተማሪዎች ለሲኒየር ፔፐር ወይ ለክፍል ሥራ የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ታሪክ ሲጽፉ ቀጥታ ወደ ጦርነቱ ነው የሚሮጡት፣ የት ተዋጋ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ ምን ተሸለመ። እኔ የምመክራችሁ ግን ጦርነቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት ነው። መጀመሪያ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎ ገንዘቡን፣ ከዛ ሬጅመንቱን (ያለበትን የጦር ክፍል)፣ ከዛ ጠቡን፣ ጦርነቱን በመጨረሻ። በምሳሌ ሲሆን ስለሚገባ የዛን ዘመን ባላባት መኮንን ልኩን የሚያሳይ አንድ ሰው ልውሰድ፣ ጄምስ ብሩድኔል፣ 7ኛው ኧርል ኦፍ ካርዲጋን (ኧርል የሚወረስ የባላባት ማዕረግ ነው)። (ዓመት ስጽፍ በፈረንጅ ነው፣ በኛ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።)

እሺ ቤተሰቡ። ያኔ እንግሊዝ ላይ ርስት እንደኛ አልነበረም። ጎጃም ውስጥ ርስት በእናትም ባባትም ይቆጠር ነበር፣ ሴቱም ወንዱም ልጅ ድርሻ አለኝ ይል ነበር፣ ለዚህ ነው አያቶቻችን የዘር ሐረግ ይቆጥሩ የነበረው። እዛ ግን ማዕረጉም መሬቱም ቤተ መንግሥት የሚያክለውም ቤት ተጠቅልሎ ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር። ታናናሾቹ ወይ ቄስ ይሆኑ ነበር ወይ ፓርላማ ይገቡ ነበር ወይ ጦር ሠራዊት፣ ሴቶቹ ይዳሩ ነበር። ስለዚህ ስለማንኛውም ባላባት መኮንን ስትጽፉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስንተኛ ልጅ ነው የሚለውን ነው። ለምሳሌ እንግሊዝ ከሩሲያ ጋር በተዋጋችበት በክሪሚያ ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ዋና አዛዥ የነበረው ሎርድ ራግላን የዱክ ኦፍ ቦፎርት የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነበር፣ ርስት የሚባል ነገር ስለማይደርሰው ገና በልጅነቱ በ1804 ጦር ገባ፣ ዋተርሉ ላይ በ1815 ቀኝ ክንዱን አጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ወታደር ሆኖ ኖረ። ካርዲጋን ደሞ ተገላቢጦሽ ነው። በ1797 ተወለደ፣ እህቶች ነበሩት እንጂ ለማዕረጉ የሚደርሰው ወንድ ወራሽ እሱ ብቻ ነበር፣ እና ወራሹ ጦርነት ላይ ቢሞት ቤቱ ይዘጋል ተብሎ ስለተፈራ ጦር የገባው በ1824፣ 26 ዓመት ሞልቶት ነው። ለዛ ዘመን መኮንን ይሄ በጣም የዘገየ ነው፣ ብዙዎቹ በ16 በ17 ዓመታቸው ነው የሚገቡት። ይሄን ካላወቃችሁ በኋላ ለምን እንደዛ ተቻኮለ የሚለው አይገባችሁም።

ስሙ ላይ ተጠንቀቁ። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እንደተባሉት ሁሉ እነሱም ዘንድ ማዕረግ ሲመጣ ሰው ይጠራበት የነበረው ስም ይቀየራል። ካርዲጋን ሲወለድ ጄምስ ብሩድኔል ነው፣ አባቱ በ1811 ኧርልነቱን ሲወርስ ልጁ ሎርድ ብሩድኔል ተባለ፣ አባቱ በ1837 ሲሞት ደሞ ሎርድ ካርዲጋን ሆነ። ራግላንም እስከ 1852 ድረስ ሎርድ ፊትዝሮይ ሱመርሴት ነው። ኦንላይን ላይ ስትፈልጉ በመጨረሻ ስሙ ብቻ ከፈለጋችሁ የሕይወቱ ግማሽ አይመጣላችሁም፣ እና አንዳንዴ የአንድ ሰው ታሪክ የሁለት ሰው መስሎ ይጻፋል። ወረቀታችሁ መጀመሪያ ላይ ከመቼ እስከ መቼ ማን እንደተባለ በሁለት መስመር አስቀምጡና በዛ በዛ ስም ለየብቻ ፈልጉ።

ጋብቻውንም አትዝለሉ፣ ይሄ ለኛ ሰው መንገር አያስፈልግም ነበር፣ የራስ ኃይሉ ልጅ ሰብለ ወንጌል ለልጅ ኢያሱ መዳሯ ፖለቲካ መሆኑን ጎጃም ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ተማሪው ወደ ፈረንጅ ታሪክ ሲሻገር ይረሳዋል። የካርዲጋን አንዷ እህት ሎርድ ሃው የሚባለውን አገባች፣ ሎርድ ሃው ደሞ የንጉሡ የዊሊያም 4ኛ ሚስት የንግሥት አደሌይድ የእልፍኝ ሹም ነበር። ሌላዋ እህቱ ሎርድ ሉካንን አገባች፣ ሉካን በኋላ ክሪሚያ ላይ የካርዲጋን የቅርብ አለቃ ይሆናል፣ ሁለቱ አማቾች ደሞ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እነዚህን ሁለት ጋብቻዎች መጀመሪያ ካልጻፋችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ዕድል ወይ አጋጣሚ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ገንዘቡ። እኔ በዚህ ላይ ሰው ጊዜ ቢያጠፋ ደስ ይለኛል ምክንያቱም የጠቅላላው ቁልፍ እዚህ ነው ያለው።

በእንግሊዝ ጦር እስከ 1871 ድረስ የእግረኛና የፈረሰኛ መኮንንነት ይሸጥ ይገዛ ነበር። በሚስጥር አደለም፣ መንግሥት ያወጣው የዋጋ ዝርዝር ነበረው። የእግረኛ ዝቅተኛው መኮንን 450 ፓውንድ፣ የፈረሰኛ ዝቅተኛው (ኮርኔት ይሉታል) 840፣ የፈረሰኛ ሌተና ኮሎኔል 6,175 ፓውንድ። ገንዘቡን የሚቀበለው ቦታውን የሚለቀው ሰው ነው፣ እሱም በጡረታ ፋንታ ያንን ይዞ ይወጣል። ከሌተና ኮሎኔል በላይ ያለው ግን አይሸጥም፣ ከዛ ወዲያ ተራ እየተጠበቀ ነው የሚሄደው። መኮንኑ ጦርነት ላይ ከሞተ ቦታው ያለ ክፍያ ለቀጣዩ ይተላለፋል፣ የሟች ቤተሰብ የከፈለውን ገንዘብ ያጣል። ይሄን አስቡት፣ አንድ ሰው ወደ ውጊያ ሲሄድ ሕይወቱን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ሀብትም ይዞ ነው የሚሄደው።

ከዝርዝሩ ዋጋ በላይ ደሞ ሌላ ነበር። እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ሱቅ ሲተላለፍ ከኪራዩ ውጪ «የቁልፍ» ተብሎ እንደሚከፈለው እዛም ጥሩ ስም ያለው ሬጅመንት ሲሆን ከመንግሥት ዋጋ በላይ በጎን ይከፈላል፣ ሕጉ ይከለክላል ሁሉም ግን ያደርገዋል። ካርዲጋን በ1832 የ15ኛው ሁሳር (ቀላል ፈረሰኛ ሬጅመንት ነው) አዛዥነትን ሲይዝ ከ35,000 ፓውንድ በላይ ከፍሏል ይባል ነበር፣ በ1836 ለ11ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ደሞ 40,000። የጎን ክፍያ ደረሰኝ ስለሌለው እንደዚህ ያለ ቁጥር ስትጽፉ «ተብሎ ይነገራል» በሉ፣ የመንግሥቱን ዋጋ ግን በእርግጠኝነት መጻፍ ትችላላችሁ። ሁለቱን አትደባልቁ።

ፓውንዱን ወደ ዛሬ ብር ለመቀየር አትድከሙ፣ ምንም አይነግራችሁም። ከዛው ዘመን ደሞዝ ጋር ነው ማወዳደር። ተራው እግረኛ ወታደር በቀን 1 ሽልንግ ያገኝ ነበር፣ 20 ሽልንግ 1 ፓውንድ ነው፣ ስለዚህ በዓመት ምግብና ልብስ ሳይቆረጥ 18 ፓውንድ ከሩብ። 40,000ን ለዛ አካፍሉት፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ደሞዝ ይመጣል። አንባቢያችሁ አገሩን ባያውቅም ይሄ ይገባዋል።

እና የፍጥነቱን ነገር እዩት። ካርዲጋን በ1824 ኮርኔት ሆኖ ገባ፣ በ1826 ሻምበል፣ በ1830 በአንድ ዓመት ውስጥ ሻለቃም ሌተና ኮሎኔልም ሆነ። ከታች እስከ ላይ 6 ዓመት፣ ምንም ጦርነት ሳያይ። አሁን ከናፒየር ጋር አስተያዩት። ናፒየር በ1810 ኮሎምቦ ተወለደ፣ አባቱ ወታደር ነበር፣ ልጁ ገና ሕፃን እያለ ጃቫ ላይ ቆስሎ ሞተ። ልጁ በ1826 የቤንጋል መሐንዲሶች ውስጥ ገባ። መሐንዲስና መድፈኛ ማዕረግ አይገዛም ነበር፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ውስጥም እንደዛው፣ ተምሮ ፈተና አልፎ ተራ መጠበቅ ነው። ሻምበል የሆነው በ1841 ነው። 15 ዓመት ሙሉ ቦይ ሲቆፍር መንገድና ሰፈር ሲሠራ! እኔ መቅደላን ሳነብ ሁሌ የሚታየኝ ይሄ ነው፣ ባሕሩ ዳር ሐዲድ ዘርግቶ እስከ መቅደላ አምባ ድረስ መንገድ እየጠረገ የመጣው ሰው መሐንዲስ ነበር፣ ነገሩን በዘዴ የሄደው ለዛ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ባላባት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ይሄን ከየት ነው የማገኘው ካላችሁ፣ ዋናው «ለንደን ጋዜት» ነው፣ የእንግሊዝ መንግሥት ይፋ ጋዜጣ፣ እንደኛ ነጋሪት ጋዜጣ ማለት ነው፣ ኦንላይን በነፃ አለ። እያንዳንዱ ሹመት እዛ ላይ ይወጣል፣ ከሁሉም የሚጠቅመው ደሞ ሹመቱ በግዢ መሆኑን ወይ ያለ ግዢ መሆኑን እና የማንን ቦታ እንደተካ ይጽፋል። አንድ መስመር ናት ግን የሰውየውን ግማሽ ታሪክ ትነግራችኋለች። ለጦር መኮንኖች ዝርዝርም ዓመታዊ መጻሕፍት አሉ፣ ከ1840 አካባቢ ጀምሮ ያለው የሃርት ዝርዝር የሚባለው ማን የት እንደተዋጋ በግርጌ ይጽፋል፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ስካን አድርጎ በነፃ ለቆታል። ዳታው ደህና ሲሆን ወይ ዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ላይ ስትሆኑ የምትፈልጉትን ዓመት ዳውንሎድ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ መስመር ላይ ሆኖ ገጽ በገጽ መገልበጥ አይቻልም። የግዢ ማመልከቻ ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ለንደን ኪው ያለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ውስጥ ደብልዩ ኦ 31 በሚባለው ክፍል ነው ያሉት፣ ለማየት እዛ መሄድ ያስፈልጋል፣ ለሲኒየር ፔፐር ግን ጋዜቱና ዝርዝሩ ይበቃሉ።

ፓርላማውን በአጭሩ። ካርዲጋን ጦር ሳይገባ በ1818 የፓርላማ አባል ሆኗል፣ የማርልቦሮ መቀመጫ በዘመዱ በአይልስበሪ እጅ ነበረች፣ በ1829 በካቶሊኮች መብት ጉዳይ ከዘመዱ ጋር ሲለያይ ለቀቀ፣ ከዛ በሌላ ቦታ ተመልሶ ገባ፣ በ1837 ደሞ ማዕረጉን ሲወርስ የሎርዶች ምክር ቤት ገባ። ወታደርም የፓርላማ ሰውም በአንድ ጊዜ መሆን ይቻል ነበር። የምክር ቤቱ ክርክር ሃንሳርድ በሚባለው መዝገብ ኦንላይን አለ፣ ስሙን ብቻ አስገብታችሁ ፈልጉ።

ጠቡ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። እንደ ካርዲጋን ያለ ሰው ብዙ ጠብ አለው፣ ጠቡን እንደ ወሬ ካቀረባችሁት ወሬ ሆኖ ይቀራል፣ የምትጠይቁት «ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ምን ሆነ?» የሚለውን ነው። በ15ኛው ሁሳር እያለ ሻምበል ዋተን የሚባል መኮንኑን ጦር ፍርድ ቤት አቆመው፣ ፍርድ ቤቱ ሻምበሉን ነፃ አወጣው፣ በ1834 ብሩድኔል ራሱ ከአዛዥነቱ ተነሳ። እዚህ ላይ የሌላ ሰው የጦር ሕይወት ባለቀ ነበር። እሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የ11ኛው ሬጅመንት አዛዥ ሆኖ ተመለሰ። የእህቱን ባል ሎርድ ሃውንና ንግሥቲቱን አሁን አስታውሱ። በ1840 ደሞ ከሬጅመንቱ የወጣ ሻምበል ታኬት የሚባል ሰው በጋዜጣ ስለጻፈበት ዊምብልደን ሜዳ ላይ በሽጉጥ ተጋጥመው አቆሰለው። ወንጀል ነው። ባላባት ስለሆነ ግን የዳኙት በ1841 የሎርዶች ምክር ቤት አባላት ናቸው፣ የራሱ ቢጤዎች፣ እና የቆሰለው ሰው ክሱ ላይ የተጻፈው ባለ ሙሉ ስም ሰው ለመሆኑ አልተረጋገጠም ተብሎ ነፃ ወጣ። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ጥሩ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ሌላው ቢቀር ይቀራል። ያ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ እነዚህ ሁለቱ ይናገራሉ።

አሁን ጦርነቱ። ካርዲጋን የመጀመሪያ ጦርነቱን ያየው በ1854 ክሪሚያ ላይ ነው፣ 57 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ጀነራል ሆኖ፣ የቀላል ፈረሰኛው ብርጌድ አዛዥ። ወታደሩ በድንኳን ሲያድር እሱ ባላክላቫ ወደብ ላይ በቆመችው የግል መርከቡ ያድር ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን ራግላን ከፍታ ላይ ሆኖ ሩሲያኖች የማረኩትን መድፍ ሲወስዱ አየና ፈረሰኛው እንዲከለክላቸው የጽሑፍ ትእዛዝ ላከ፣ ሻምበል ኖላን ይዞት ወረደ። ከታች ሸለቆው ውስጥ የቆሙት ሉካንና ካርዲጋን ያንን መድፍ አይታያቸውም፣ የሚታያቸው ሸለቆው ጫፍ ላይ የተጠመደው የሩሲያ መድፍ ነው። የትኛው መድፍ ብሎ ሉካን ሲጠይቅ ኖላን እጁን ወደ ሸለቆው ዘረጋ። ሉካንና ካርዲጋን ተነጋግረው ነገሩን ሊያጣሩ ይችሉ ነበር፣ ጥቂት ቃል ተለዋውጠው ተለያዩ። ወደ 670 ፈረሰኛ ከሦስት ወገን መድፍና ጠመንጃ እየተተኮሰበት ገባ፣ 110 ያህሉ ሞቱ፣ ቁስለኛውና ምርኮኛው ብዙ ነው፣ ከ300 በላይ ፈረስ አለቀ፣ ሁሉም በ20 ደቂቃ አካባቢ። ኖላን ገና ሲጀመር ሞተ፣ ስለዚህ ምን ለማለት እንደፈለገ የሚመሰክር አልቀረም። ካርዲጋን ከፊት ሆኖ እስከ መድፉ ደርሶ ሳይቆስል ተመለሰ።

እዚህ ቦታ ላይ ተማሪው ሁሉ አንድ ጥፋተኛ ፈልጎ ማሰር ይፈልጋል። አትቸኩሉ። ከመፍረዳችሁ በፊት የእያንዳንዱን ምስክር ዝምድና አጠገቡ ጻፉ። ለምሳሌ ካልቶርፕ የሚባል መኮንን ካርዲጋን መድፉ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ ብሎ አሳተመ፣ ካርዲጋን በ1863 ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ በዘገየህ ብሎ ክሱን አልተቀበለውም፣ ግን በቀረበው ምስክር ካርዲጋን መድፉ ጋ መድረሱ ግልጽ ሆነ። ካልቶርፕ ማነው? የራግላን ዘመድና ረዳት። ትእዛዙን የላከው ማነው? ራግላን። በቃ፣ ምስክርነቱን በዛ ልክ መመዘን ነው። እኔ በግሌ ካርዲጋን ፈሪ ነበር የሚለውን አልቀበልም፣ ጀግንነቱ አያጠራጥርም። ችግሩ ጀግንነት ብቻውን 670 ሰው ለመምራት አይበቃም፣ ያንን ሰው እዛ ቦታ ያስቀመጠው ደሞ ልምዱ ሳይሆን ከላይ የጻፍነው ገንዘብና ጋብቻ ነው። ጦርነቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት ያልኩት ለዚህ ነው።

የቀን ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያኔ በፈረንጅና በኛ መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹ 1900ን ሠግር (አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት) አላደረጉትም። ዛሬ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ ያኔ ግን ሴፕቴምበር 10 ነበር (ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት 11)። የዛሬውን ቀመር ይዛችሁ ከሄዳችሁ በአንድ ቀን ትስታላችሁ። ስለዚህ የባላክላቫው ቀን በኛ ጥቅምት 16 ቀን 1847 ዓ.ም. ነው። የሩሲያ ምንጭ ካገኛችሁ ደሞ ኦክቶበር 13 ይላል፣ እነሱ ያኔ በአሮጌው አቆጣጠር ስለነበሩ በ12 ቀን ይዘገያሉ፣ ሁለት ጦርነት አደለም።

እና ጎን ለጎን የኛን አገር ዓመታት አድርጉለት፣ ወረቀቱ ያኔ ነው ነፍስ የሚዘራው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጉር አምባ ላይ በካሳ ኃይሉ ጦር ሲሞቱ ካርዲጋን ገና የሬጅመንቱን ልብስ ሲያሳምር ነው። ባላክላቫ የሆነው በ1847 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፣ በዛው ዓመት በየካቲት ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ጎጃም ላይ ለቴዎድሮስ አልገዛም ብሎ በሸፈተባቸው ዓመታት ካርዲጋን የፈረሰኛ ጦር ዋና ተቆጣጣሪነቱን አስረክቦ ከካልቶርፕ ጋር ይካሰሳል። ካርዲጋን ዲን ፓርክ በሚባለው ርስቱ ከፈረስ ወድቆ የሞተው ማርች 28 ቀን 1868፣ በኛ መጋቢት 20 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። በ14ኛው ቀን ሚያዝያ 3 መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ ውጊያ ሆነ፣ ሚያዝያ 6 ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሱን ሰዋ።

ካርዲጋን ከጋብቻው ልጅ አልነበረውም፣ ማዕረጉ ዞሮ ለዘመዶቹ ለአይልስበሪዎች ሄደ፣ ያችን የማርልቦሮ መቀመጫ ሰጥተውት ወደነበሩት ቤት። የማዕረግ ግዢው እሱ ከሞተ 3 ዓመት በኋላ ቀረ፣ የሎርዶች ምክር ቤት ሕጉን ሲያጓትት መንግሥት በንግሥት ቪክቶሪያ ትእዛዝ ሻረው፣ ከኖቬምበር 1 ቀን 1871 ጀምሮ። ናፒየር እስከ ፊልድ ማርሻልነት ደርሶ በ1890 ሞተ። የሁለቱን ሹመቶች አውጥታችሁ በአንድ ገጽ ላይ ግራና ቀኝ በሠንጠረዥ አስቀምጡ፣ ቀን፣ ማዕረግ፣ በግዢ ነው ያለ ግዢ፣ የማን ቦታ። አስተማሪያችሁ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ገጽ ነው የሚሆነው።